ድንጉጥ ድመት ቤት ስትፈልግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ግቢ፣ ሁለት የሰርቪስ ክፍሎችን ለድመት ለቀን የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች ነን። ድርጅት አይደለንም፤ ማኅተምም ታፔላም የለንም። ባለቤቱ ጥሏቸው የሄደ፣ ገበያ መሀል የተገኙ፣ በማዳበሪያ ታስረው ቦርከና ዳር የተጣሉ ድመቶች ይመጡልናል። ተጫዋቾቹን፣ እግር ላይ የሚተሻሹትን፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ሰው ወዶ ይወስዳቸዋል። እኛ ዘንድ የሚከርሙት ድንጉጦቹ ናቸው። ከነሱ አንዷ ዳልቻ ናት፤ ስሟ የወጣላት በቀለሟ ነው። ይህን ስንጽፍ ከኛ ጋር ሁለተኛ ክረምቷን ይዛለች። እሷን ሊያዩ የመጡ ሰዎች የጠየቁንን፣ በጠየቁበት አነጋገር፣ ከነመልሳችን እነሆ።

«ምን ሆና ነው እንዲህ የምትሸሸው? ተመትታ ነው?»

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዱላን ነው። ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ከዱላ ይቀድማል። የድመት ግልገል ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በነዚያ ሳምንታት የሰው እጅ ያልነካት፣ የሰው ድምፅ ያልለመደች ግልገል አድጋ እኛን ስታይ የምታየው ትልቅ አውሬ ነው። ክፉ የሠራባት የለም፤ በጊዜው የደረሰላት አልነበረም እንጂ። ዳልቻ የተገኘችው ጎማ ከሚጠገንበት ቤት ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ ውስጥ ተጠቅልላ ነው። ያኔ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። መዶሻው፣ ኮምፕሬሰሩ፣ የመኪናው ጡሩምባ፤ ሰው ማለት ለሷ ያ ነበር።

ቤት ኖሯት በኋላ የደነገጠችም አለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስንቱ ቤቱን ቆልፎ፣ አንዳንዱም ሳይቆልፍ ወጣ። ነፍሱን ይዞ የሚወጣ ሰው ድመት ይዞ አይወጣም፤ ለወቀሳ አይደለም፣ ከመካከላችንም እንደዚያው የወጣን አለን። ስንመለስ በር ላይ የጠበቀች ድመት ነበረች፤ ኮርኒስ ውስጥ ገብታ አልወርድም ያለችም ነበረች። እንዲህ ያለችው ሰውን ታውቃለች፤ ያስፈራት ድምፁ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት አያያዝ አንድ ነው፤ ሰው የምታውቀው ግን ቶሎ ትመለሳለች።

«ታዲያ ያችን የምትጫወተዋን ብወስድ አይሻለኝም?»

ይሻላል፤ ውሰዷት። እኛ ማንንም በይሉኝታ ድንጉጥ ድመት አናስታቅፍም። ዳልቻን አንድ ጊዜ ደግ ሰዎች አዝነውላት ወስደዋት ነበር። በሦስተኛው ቀን «ታኮርፋለች» ብለው መለሷት። አላኮረፈችም። አልጋ ሥር ሆና ቤቱን እያዳመጠች ነበር፤ የማን እርምጃ የማን እንደሆነ፣ በሩ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት፣ ድስቱ መቼ እንደሚጣድ። ያ ለሷ ትልቅ ሥራ ነው። ሥራዋን ሳትጨርስ ነው የመለሷት፤ እኛ ጋ ስትመጣ ደግሞ እንደገና ከሀ ጀመረች።

ለድንጉጥ ድመት ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ የሚዘጋ አንድ ክፍልና የማይቸኩል ሰው ያስፈልጋታል። ጡረታ የወጣ ሰው፣ ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ፣ ልጆቹ ያደጉለት ቤተሰብ ይሆናታል። ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ልጅ ያለበት ቤት ግን አንሰጥም፤ ልጁ ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ሮጦ መያዝ የዕድሜው ሥራ ስለሆነ ነው። ግቢያችሁ የተለቀቀ ውሻ ካለውም እንደዚያው። ረጋ ያለች ሌላ ድመት ካላችሁ ግን አንዳንዴ እሰየው ነው፤ ፈሪዋ ደፋሯን እያየች ሰው እንደማይበላ ትማራለች። ተከራይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ አከራያችሁን ጠይቁ። «ድመት እኮ ናት» ብለው ያስገቡ ሰዎች ውጡ ሲባሉ የሚወጡት ከነድመታቸው ነው።

«ወሎ ነው እንግዲህ፤ ቡና ይፈላል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ትችለዋለች?»

አብሽሩ፤ ቡናው አይቀርም። የምትፈልገው ቡናው የሚፈላበትና እሷ ያለችበት ክፍል እንዲለያይ ብቻ ነው፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር።

የምናየው ትልቁ ስሕተት ድመቷን በወሰዱ ማግስት ጎረቤት ጠርቶ ማሳየት ነው። ደስታ ነው፣ ይገባናል። ነገር ግን አንዱ ከአልጋ ሥር በመጥረጊያ ያወጣታል፣ ሌላው ያቅፋታል፣ ልጆቹ ስልክ ይደቅኑባታል። በደንባራ በቅሎ ላይ ቃጭል መጨመር የሚሉት ይህን ነው። የለመደችው ሦስት ቀን በአንድ ቡና ይሄዳል።

ሌላው ጢሱ ነው። የድመት አፍንጫ ከኛ እጅግ የሰላ ነው፤ ዕጣን በተጫጫሰ ቁጥር ክፍሏ ውስጥ ሽታው ከገባ መሸሸጊያዬ የምትለው ቦታ አይኖራትም። ከሰሉንም ወደሷ ክፍል አታስገቡ። ደሴ ሲበርድ ማንደጃ አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ለሰውም ለድመትም ገዳይ ነው።

ወሩ ሲያልፍ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉላት። አቦል ላይ አትመጣም፤ ጨዋታው የደራበት ሰዓት ነው። ቶና ላይ ከበሩ ሥር ጢሟ ይታያል። በረካ ላይ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታልፋለች። ያኔ ማንም «ውይ መጣች!» እንዳይል አደራ።

«የመጀመሪያው ቀን ምን ላድርግ?»

ከሁሉ በፊት ኮርኒሱን ተመልከቱ። የተቀደደ ጥግ፣ ያልተገጠመ ሰሌዳ ካለ ድፈኑት። ደንግጣ ኮርኒስ ውስጥ የገባችን ድመት ለማውረድ ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ እኛን ጠይቁን። የቡፌው ጀርባ፣ የቁም ሣጥኑ ላይ፣ የማድ ቤቱ የጢስ መውጫም እንደዚያው ይታዩ።

ከዚያ አንድ ትንሽ ክፍል ስጧት። ቤቱን በሙሉ ማስጎብኘት የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ፤ እሷ የምትፈልገው አንድ ጥግ ነው። የብስኩት ወይም የዘይት ካርቶን ደፍታችሁ በአንድ ጎኑ በር ቅደዱለት፣ ውስጡ አሮጌ ጋቢ አንጥፉ። ይህ የድሀ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የሆላንድ ጥናት ወደ መጠለያ አዲስ የገቡ 19 ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ ለገሚሶቹ መደበቂያ ሣጥን ሰጠ፣ ለገሚሶቹ ከለከለ። ሣጥን ያገኙት ቶሎ ተረጋጉ። መደበቂያ ያላት ድመት መውጣትም ይቀላታል፤ የምትመለስበትን ታውቃለችና። ጋቢውን ደግሞ አትናቁት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የሐምሌ ጭጋግ በመስኮት ሲገባ ሲሚንቶ ወለል ላይ ማደር ለማንም አይሆንም።

ለመጸዳጃዋ ሳፋ ውስጥ ሰጋቱራ አድርጉ፤ እንጨት ቤት ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ በነፃ ነው። የታጠበ አሸዋም ይሆናል። አመድ ግን ይቅር፤ ሲርስ መዳፏን ይልጣል፣ ሲደርቅ ትንፋሿ ውስጥ ይገባል። ሳፋውን ከምግቧ አርቁት፤ በሚበላበት መጸዳዳት የሚወድ የለም።

ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሥራ አለመሥራት ነው። በቀን ሁለቴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምግቧን ይዛችሁ ግቡና ወለል ላይ ተቀመጡ። ጋዜጣ አንብቡ፣ ስልካችሁን ነካኩ፣ ዳዊት ድገሙ፣ ሙስባሃ ቁጠሩ። እጃችሁን ወደ ካርቶኑ አትስደዱ። ዓይን ዓይኗን አትዩ፤ ማፍጠጥ በድመት ዘንድ ጠብ መፈለግ ነው። እሷ ካየቻችሁ ዓይናችሁን ቀስ ብላችሁ ጨፈን፣ ቀስ ብላችሁ ከፈት አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዙ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ድመቶች መልሰው ዓይናቸውን ያጠባሉ፣ ወደማያውቁት ሰውም ለመቅረብ ይበልጥ ፈቃደኛ ይሆናሉ። ዳልቻ ለአንዳችን መልሳ የጨፈነች ዕለት ሰውዬው ሩጦ ወጥቶ ለሁላችን ነገረን። ሩጫው አስደንግጧት ሁለት ቀን ተደበቀች።

የመጀመሪያውን ሌሊት ባትበላ አትጨነቁ። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ ለቀናት የጾመች ድመት ጉበቷ በስብ ይሞላና ሊገድላት ይችላል። ሰው ሳያያት ሌሊት የምትበላም ስለምትኖር፣ ሳህኑን ማታና ጠዋት አስተያዩ።

«ስንት ቀን ይፈጅባታል?»

ድመት የሚያላምዱ ሰዎች በግምት ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር ይላሉ፤ በሦስት ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ታውቃለች፣ በሦስት ወር ቤቱ ቤቷ ይሆናል። ድንጉጧ ከዚህም ትዘገያለች።

ቡሬ የምትባል ጥቁርና ነጭ ድመት ነበረችን። ጡረታ የወጡ መምህር ወደ ኮምቦልቻ ወሰዷት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያዩት ነገር ቢኖር ባዶ ሳህን ነው። በየጊዜው ደውለን «ጋሼ፣ እንመልሳት?» እንላቸዋለን። «ምን አደረገችኝ? ትብላ፣ ትተኛ» ይሉናል። ማታ ማታ ሬዲዮ ዝቅ አድርገው እየሰሙ እዚያው ክፍል ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ወር ሊሞላ ሲል አንድ ማታ ከካርቶኗ ወጥታ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቀኑን ቆጥረውት ነበር፤ «ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ ነበር፣ ሴት ስለሆነች ሰማንያ ጠበቀች» እያሉ እስከዛሬ ክርስትና እንዳነሡ ያወራሉ።

ቡሬ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ አትወጣም። ልናያት ሄደን እኛኑ ተደበቀችን። ድንጉጥ ድመት የሰው ሁሉ ወዳጅ አትሆንም፤ የአንድ ወይ የሁለት ሰው ነው የምትሆነው። ይህ ቅር የሚላችሁ ከሆነ ካሁኑ እወቁት።

«ልጄ፣ አይጥ ትይዛለች ወይ?»

እማማ፣ ትይዝ ይሆናል። እንድትይዝ ብለው አያስርቧት ግን፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች፣ የተራበችዋ ግን አቅም ታጣለች። ቤትዎ የአይጥ መርዝ ካለ ግን መጀመሪያ እሱ ይውጣ። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች።

እህል ነጋዴዎችም ለመጋዘን ይጠይቁናል። አድገው የመጡ፣ ሰውን ፈጽሞ የማይለምዱ ድመቶች አሉ፤ ለነሱ ዝናብ የማያስገባ መጋዘን፣ በየቀኑ ምግብና ውሃ ከተገኘ ጥሩ ቤት ነው። ሁለት ሁለት አድርገን እንሰጣለን። ዳልቻ ግን ከነዚያ አይደለችም፤ ሰው ትፈልጋለች፣ መንገዱ ጠፍቷት ነው።

«ምን ላብላት? ጾም ሲገባስ?»

ድመት ሥጋ በል ናት፤ ሽሮና እንጀራ አያኖራትም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ የሚበቃትን ያህል አይሠራም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ለወራት ካጣችው ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧ ይደክማል። የታሸገው የድመት ምግብ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። እኛ የምናበላው የተቀቀለ ልብና ሳንባ፣ አጥንቱ የወጣለት ዶሮ፣ እንቁላል፣ ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ካገኘን ደግሞ ቀቅለን እሾሁን ለቅመን ነው። ልብ ታውሪን የሞላበት ነው፤ ሳንባ ሆድ ቢሞላም ብቻውን አይበቃም። ጉበት በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ይበቃል፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ አጥንቷን ይጎዳል። ወጥ በፍጹም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ያበላሻል። ወተትም አብዛኞቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ ውሃ ስጧት።

ወደ ጾሙ እንምጣ፤ ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው። በዐቢይ ጾም ለ55 ቀን ሥጋ ቤት ካልገባ ድመቷ ምን ትሁን? «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲባል ለሰው ነው የተተረተው፤ ለድመት ግን ነገሩ አመል አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው፤ ልትጾም አትችልም። እዚህ ላይ ወሎዬ መሆን ይጠቅማል። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው። ከመካከላችን አንዷ ድመቷን ዐቢይ ጾምን የምታሻግረው ሙስሊም ጎረቤቷ በአጥር በምታቀብላት የተቀቀለ ልብና ሳንባ ነው፤ ለብቻው ቆርቆሮ፣ ለብቻው ማንኪያ አለው፣ ከጾም ዕቃ ጋር አይነካካም። ሰው የማይጎራረሰው ሥጋ ለድመት ሲሆን አጥር ይሻገራል። ረመዳን ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ቤቱ ለሱሑር በሌሊት ይነቃል፣ ዕቃ ይንኳኳል። የሷን የምግብ ሰዓት አትቀይሩ፣ በሯን ዝጉላት።

«ድመት ነጃሳ አይደለችም?»

ነጃሳ ማለት ርኩስ ማለት ነው። እኛ የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ ሰዎች አይደለንም። ዑለማዎች የሚጠቅሱት ግን የነቢዩ ባልደረባ የአቡ ቀታዳ ሐዲስ አለ፤ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት) ከተቀዳለት ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን ዘንበል አደረገላት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ አለመሆኗን፣ በመካከላችሁ ከሚዘዋወሩት መሆኗን መናገራቸውንም አስረዳ። ብዙ ሐዲስ ያስተላለፈው የነቢዩ ባልደረባ የአቡ ሁረይራ ስም ራሱ የግልገሏ ድመት አባት ማለት ነው። ድመት አስራ፣ ሳታበላ ሳትለቅ ስለገደለችው ሴት ያለውን ሐዲስ ደግሞ ወሎ ውስጥ ሳይሰማ ያደገ ልጅ ያለ አይመስለንም። ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ግን ነጃሳ ስለሆነ ሳፋዋን መስገጃ ያለበት ክፍል አታስቀምጡ። የቀረውን የሰፈራችሁን ሼኽ ጠይቁ።

«ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ድመት አደገኛ ነው አሉን።»

የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ነው፤ ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ድመቷ ዕንቁላሉን ከዓይነ ምድሯ ጋር የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ስትያዝ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው፤ ወጥቶም ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሳፋው በየቀኑ ይጽዳ፣ የሚያጸዳው ሌላ ሰው ይሁን፣ ለድመቷም ጥሬ ሥጋ አትስጡ። ለሰው የሚተላለፍበት ሌላው ሰፊ መንገድ ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ አትክልት ነው። ለብለብ ክትፎ እያጎረሱ ድመቷን ማስወጣት አያዋጣም። ለእርግዝና ክትትል ሐኪሟ ድመት እንዳላችሁ ንገሩ።

«ክትባት ይዛለች? ብትነክሰንስ?»

የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ስሙ አያታላችሁ። ድመት ከሦስት ወሯ ጀምሮ ትከተባለች፣ በዓመቱ ይደገማል። ከኛ የምትወጣ ድመት ሳትከተብ አትወጣም፤ ካርዷን ተቀበሉን።

ድንጉጥ ድመት ሮጣ አትነክስም፤ መሸሻ ስታጣ ግን ትነክሳለች። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ያላወቃችሁት የመንገድ ድመት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ፍጠኑ። የባህል መድኃኒት እስኪቀመም አትጠብቁ፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ስትታመም የት እንሂድ ለምትሉ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። በየከተማው ያሉት የእንስሳት ክሊኒኮች የለመዱት በአብዛኛው ከብትና በግ ስለሆነ፣ ድመት ይዛችሁ እንደምትመጡ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በሬ በሚያገሳበት ወረፋ ዳልቻን ይዞ መቆም አይታሰብም። ለሰው ያላችሁን ክኒን በፍጹም አትስጧት። ግማሽ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ሊገድል ይችላል።

«ማምከን ኃጢአት አይደለም ወይ?»

ሴቷ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ሁለት ወር ብቻ ነው። ቦርከና ዳር ማዳበሪያ የሚፈታ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ዳልቻ መክናለች።

«ወልዲያ ነኝ። እንዴት ላጓጉዛት?»

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኮንትራት መኪና ቶሎ ትደርሳላችሁ። ወልዲያ ግን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ዝግጅት ይፈልጋል። ማዳበሪያ የለም። ክዳን ያለው ዘንቢል ወይም በየጎኑ የተበሳ ጠንካራ ካርቶን፣ ከታች ፎጣ፣ ከላይ ብርሃን የሚጋርድ ነጠላ። ከጉዞው በፊት አራት ሰዓት ያህል አትመግቧት፤ ጠመዝማዛው መንገድ ያስመልሳታል። ጭናችሁ ላይ ይዛችኋት ተቀመጡ እንጂ ፖርቶመጋላ ላይ እንዳትጫን፤ ረዳቱ «ዶሮም እዚያ ነው የሚጫነው» ቢላችሁም። ሹፌሩን ሙዚቃ ቀንስልን በሉት፣ መንገድ ላይ ካርቶኑን አትክፈቱ። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ደግሞ ሙቀቱን አስቡ፤ የደሴን ብርድ የለመደች ድመት ናት፣ ውሃና ጥላ አይለያት።

«አምልጣ ብትወጣስ?»

ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከቤት አታስወጧት። ካመለጠች ሩቅ አትፈልጓት። ድንጉጥ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ቤት አታልፍም፤ የጎረቤት እንጨት ክምር ሥር፣ ሰርቪስ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ሥር ገብታ ትንፋሽ ታጠፋለች። ስትጠሯት ሰምታም አትመልስም። የሰፈር ልጅ ሰብስባችሁ «ውሮ! ውሮ!» እያላችሁ ብትዞሩ ይበልጥ ትገባለች። ሰው ሲተኛ ባትሪ ይዛችሁ ብቻችሁን ውጡ፤ ዓይኗ ያበራል። ካርቶኗንና ጋቢዋን በር ላይ አውጡ፣ ሽታ ያለው ምግብ አስቀምጡ፣ በሩን ገርበብ አድርጉ። ከመጡልን ጥሪዎች ውስጥ ብዙዎቹ «ጠፋች» ተብለው ተጀምረው «ቡፌው ጀርባ ነበረች» ተብለው ነው ያለቁት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ፈልጉ።

«ስንት ትሸጧታላችሁ?»

አንሸጥም። አንድ ሁለት ኪሎ ልብ ይዛችሁ ብትመጡ አንመልስም።

«ባይሆንልኝ መመለስ እችላለሁ?»

በማንኛውም ቀን። ሰበብ አንጠይቅም፣ አንቀየምም። አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን፦ ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ አትስጡ፣ ሜዳ ላይም አትልቀቁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ልትመልሱ ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ ደውሉልን፤ «አትወደኝም» ያለን ሰው ቤት ሄደን ስናይ ሳፋው ከበር አጠገብ ነበር፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ሳፋው ጥግ ገባ፣ ነገሩ አለቀ።

«ዳልቻን መቼ መጥቼ ላያት?»

ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው፣ ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ። ሽቶ አትቀቡ። ከቤታችሁ የታጠፈ፣ ያልታጠበ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ፤ የትራስ ልብስ ቢሆን ይመረጣል። ካርቶኗ አጠገብ እናስቀምጥላታለን፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ታሸተዋለች። በመጀመሪያው ቀን የምታዩት ሁለት ጆሮ ነው፤ ከታደላችሁ አንድ ዓይን። ሁለተኛ ስትመጡ ጨርቁ ላይ ተኝታበት ከሆነ ፀጉሯን እናሳያችኋለን። ቡናው ከፈለጋችሁ ይፈላል፤ ከዋናው ቤት በረንዳ ላይ፣ ከሷ መስኮት ራቅ ብሎ።